በዊልቸር ገብቶ በእግሩ የሚወርድ መንገደኛ ይቀጣ?

ሰልፈኛው፦ በመጨረሻ አንድ ደፋር ተገኘ። የአሜሪካው ፍሮንቲየር አየር መንገድ አለቃ የነበሩት ባሪ ቢፍል እ.ኤ.አ. በ2024 የተናገሩትን አንብቡት። ሃያ ሰው በዊልቸር እየተገፋ ይሳፈራል፣ ሲያርፍ ዊልቸር የሚጠብቀው ሦስት ብቻ። ለያንዳንዱ ደግሞ አየር መንገዱ ከ30 እስከ 35 ዶላር ያወጣል። የአካል ጉዳተኛ ፓርኪንግ ላይ ያቆመ እንደሚቀጣው እነዚህም ይቀጡ ነው ያሉት። ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? በእግሩ የወረደ ሰው ሲጀመርም ዊልቸር አላስፈለገውም። ሰልፍ ለመዝለል ነው፣ አለቀ።

ጌት 14፦ "በእግሩ የወረደ ሲጀመርም አላስፈለገውም" ያልከውን እስቲ እንየው። የዊልቸር ጥያቄ ሲመዘገብ ሦስት ዓይነት ኮድ አለ። ሦስቱም "ደብሊው ሲ ኤች" ብለው ይጀምሩና በመጨረሻው ፊደል ይለያያሉ። "አር" ማለት ደረጃ ይወጣል ይወርዳል፣ መቀመጫውም ድረስ ይራመዳል፣ ረጅሙን መንገድ ግን አይችለውም። "ኤስ" ደረጃ አይችልም፣ ካቢን ውስጥ ግን ይራመዳል። "ሲ" እስከ መቀመጫው ድረስ ሰው ማድረስ አለበት። እንግዲህ "አር" የተባለ መንገደኛ ከአውሮፕላኑ በእግሩ ቢወጣ ኮዱ ያለውን ነው ያደረገው። ለዚህ ነው የሚቀጣው?

ሰልፈኛው፦ ኮዱን ያስሞላው ማን ሆነና? ራሱ! ማስረጃ የሚጠይቀው የለ። አሥራ ሰባቱን አየር ላይ ማን ፈወሳቸው?

የመጨረሻዋ ወራጅ፦ ማንም አልፈወሳቸውም ወንድሜ። መሄጃና መድረሻ አንድ አይደለም። መሄጃው ላይ ሻንጣ ማስረከቢያ ሰልፍ፣ የፓስፖርት ሰልፍ፣ የፍተሻ ሰልፍ አለ፤ ሁሉም ቁሞ ነው። ልቡ የደከመ፣ ሳንባው የታመመ፣ ጉልበቱ ያለቀ ሰው ሃምሳ ሜትር ይራመድ ይሆናል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ መቆም ግን አይችልም። መድረሻው ላይ ደግሞ ዊልቸር የጠየቀ የሚወርደው ከሁሉም በኋላ ነው። ካቢኑ ባዶ ይሆናል፣ ጽዳቶቹ ገብተው ቀበቶ ማስተካከል ይጀምራሉ፣ ገፊው የለም። ሆስተሷ ስትደውል "መንገድ ላይ ነው" ይሏታል። ቀጣዩ በረራ የሚያመልጠው ሰው ጥርሱን ነክሶ ይነሳል። አለቃህ በሩ ላይ የቆጠሩት የገፊዎችን መዘግየት ነው።

ሰልፈኛው፦ አሥራ ሰባቱም ጥርሳቸውን ነክሰው? ጥሩ ጥርስ ነው።

ጌት 14፦ የአንድ በረራ ቁጥር ይዘህ በዓለም መንገደኛ ላይ አትፍረድ።

ራምፕ ላይ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። አላግባብ የሚጠቀም አለ፣ አይካድም። ግን ትልቁ ክፍል ሰልፍ ዘላይ አይደለም። ቋንቋ የማይችሉ፣ ትልቅ ኤርፖርት ውስጥ ጌት መፈለግ የሚከብዳቸው ወላጆች ናቸው። ልጆቻቸው "ሰው ይዟቸው ይሂድ" ብለው ዊልቸር ያስይዙላቸዋል። እግራቸው ደህና ነው፣ የሚፈልጉት መሪ ነው። ለዚህ "ማስ" የሚባል ሌላ ኮድ አለ፤ ሠራተኛ ተቀብሎ እስከ ጌት ይመራል፣ ወንበር የለውም። ትኬት ቆራጩ ግን ይህንን ይዘለዋል። አንዳንዱ አየር መንገድ ስለሚያስከፍልበት ወይም በሁሉም ኤርፖርት ስለሌለ፣ ነጻ የሆነውን ዊልቸር ይመዘግብና ይገላገላል። ከዚያ የ"ሲ" መንገደኛ ሁለት ጠንካራ ሰው ሲፈልግ፣ ሁለቱም መራመድ የሚችሉ እናትን እየገፉ ተርሚናሉ ሌላኛው ጫፍ ላይ ናቸው።

ሰልፈኛው፦ እንግዲህ ራስህ አልከው። አላስፈለጋቸውም።

ራምፕ ላይ፦ ወንበሩ አላስፈለጋቸውም። እርዳታው አስፈልጓቸዋል። አንተ ቅጣት ትላለህ፣ እኔ ትክክለኛ ኮድ ይሞላ ነው የምለው።

ባለ 24 ቮልት፦ ስለሚራመዱት ተጨቃጭቃችሁ ጨረሳችሁ? የማይራመደው ሰው ወንበሩ ተሰብሮ ነው የሚመጣለት! በአሜሪካ አየር መንገዶች ብቻ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ11,000 በላይ ዊልቸርና ስኩተር ተሰብሯል፣ ዘግይቷል ወይም ጠፍቷል። ሠላሳ ዶላር ተከፈለ ብሎ የሚያለቅስ አለቃ ስለዚህኛውም ያልቅስ።

ጌት 14፦ የመሰበሩ ምክንያት በሩ ነው። የቦይንግ 737 የካርጎ (የሻንጣ ክፍል) በር ከፍታ ከ90 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። የኤሌክትሪክ ወንበር መደገፊያው ቆሞ ከአንድ ሜትር ያልፋል። መደገፊያው እንደሚታጠፍ ያልተነገረው ጫኝ በጎኑ ያጋድመዋል። መቶ ሃምሳ ኪሎ ወንበር በጎኑ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚመታው ጆይስቲኩ፣ ማለት ወንበሩ የሚነዳበት እጀታ፣ ነው። ስለዚህ ቦታ ሲያዝ የወንበሩ ቁመት፣ ስፋትና ክብደት ታጥፎ ስንት እንደሆነ ይነገር። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ እርዳታው ከ48 ሰዓት በፊት ይጠየቅ ነው የሚለው፣ ወንበሩም አብሮ ይገለጽ።

ባለ 24 ቮልት፦ ጆይስቲኩ ከነገመዱ ይነቀልና ካቢን ይገባ፣ ሶኬቱ በፕላስተር ይሸፈን። ትራሱም፣ የራስ መደገፊያውም፣ ተነቃይ የእግር ማሳረፊያውም ካቢን ይግቡ። ካርጎ የገባ ትራስ ጠፍቶ ቢቀር ወንበሩ ደህና ቢመጣም መቀመጥ አይቻልም፣ ቁስል ያመጣል። በአየር የሚሞላ ትራስ ከሆነ ደግሞ ካቢን ውስጥ ግፊቱ ስለሚቀንስ ያብጣል፤ ትንሽ አየር ይተንፈስለት፣ ሲያርፍ ይሞላ።

ራምፕ ላይ፦ ጆይስቲኩን ነቅላችሁ ስትሄዱ ጫኙ ወንበሩን በምን ይንዳው? ሞተሩ ላይ ግራና ቀኝ ያሉት ማላቀቂያ ዘንጎች ካልተከፈቱ ብሬኩ እንደተቆለፈ ነው። ጎማው አይዞርም፤ ጎትተው ጊር ቦክሱን ይበሉታል። ወይ ደግሞ አራት ሆነው በክንድ ማሳረፊያው ያነሱታል፣ ክንድ ማሳረፊያው እጃቸው ላይ ይቀራል።

ባለ 24 ቮልት፦ ታዲያ ዘንጎቹን ከፍተው ይግፉት!

ራምፕ ላይ፦ ከፍተው ገፍተውት እንደተከፈተ ቢተውትስ? አውሮፕላኑ ሲያዘነብል ካርጎ ውስጥ ይንሸራሸራል። ቦታው ከደረሰ በኋላ ዘንጎቹ ይመለሱ፣ ማሰሪያውም በዋናው ብረት በኩል ይለፍ እንጂ በጎማ ወይም በክንድ ማሳረፊያ አይደለም። ይህን የሚነግራቸው ወረቀት ወንበሩ ላይ ካልተለጠፈ ከየት ያውቁታል? ሦስት ፎቶ ይበቃል፦ ዘንጉ የቱ ነው፣ ከየት ይያዝ፣ ከየት አይነሳ።

ሰልፈኛው፦ ከርዕሱ ወጣችሁ። ደግሞ የዚህ ዓይነት ወንበር ባትሪው ከ300 ዋት ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ካለፈ አይበርም፣ ስለዚህ አብዛኛው ክርክር ከንቱ ነው።

ባለ 24 ቮልት፦ ያልገባህን ባትነካስ? 300 የሚለው ገደብ ተነቅሎ ወደ ካቢን ለሚገባ ሊቲየም ባትሪ ነው። ሁለት ከሆኑ እያንዳንዳቸው እስከ 160። ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ አባዛው፦ 24 በ12 ሲባዛ 288፣ ይገባል። 24 በ20 ሲባዛ 480፣ ነቅሎ መግባት አይቻልም። ወንበሩ ላይ ተጠብቆ የታሰረ ከሆነ ግን በዋት ሰዓት ገደብ የለበትም። የማይፈስ ጄል ባትሪማ ጭራሽ ወንበሩ ላይ ይቆያል፤ ጫፎቹ እንዳይነካኩ ይሸፈናሉ፣ ወንበሩም በራሱ እንዳይነሳ ይዘጋል። ቼክ ኢን ላይ የሚያጣሉት አንተ ያልከውን በቃላቸው የያዙት ናቸው።

ነጻ ጠበቃ፦ ወንበሩ ቢሰበርስ? የአየር መንገዶችን ኃላፊነት የሚወስነው ዓለም አቀፉ የሞንትሪያል ስምምነት ወንበሩን እንደ ሻንጣ ነው የሚያየው። የካሳው ጣሪያ ከዲሴምበር 2024 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ 1,519 ኤስ ዲ አር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ)፣ በግምት ሁለት ሺህ ዶላር። የኤሌክትሪክ ወንበር ዋጋ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ማምለጫው ወንበሩን ስታስረክቡ ልዩ የዋጋ መግለጫ በጽሑፍ መስጠት ነው፤ አየር መንገዱ ተጨማሪ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። በአሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ ላይ ግን ኃላፊነቱ እስከ ወንበሩ የመጀመሪያ ግዥ ዋጋ ይደርሳል። ጉዳት ሲታይ ከኤርፖርት ሳትወጡ ፎቶ አንሱ፣ ሪፖርት አስሞሉ። በዓለም አቀፍ በረራ የጽሑፍ አቤቱታው በ7 ቀን ካልገባ መክሰስ የለም።

የመጨረሻዋ ወራጅ፦ ሠላሳ ዶላር የቆጠሩት አለቃ ይህንን አልቆጠሩም መሰለኝ።

ሰልፈኛው፦ እሺ፣ ቅጣቱ ከበዳችሁ። መያዣ ይከፈል። ዊልቸር የጠየቀ 50 ዶላር ያስይዝ፣ ሲወርድም ተጠቅሞበት ከሆነ ይመለስለት። እውነተኛው ምን ይጎዳል?

የመጨረሻዋ ወራጅ፦ አየህ፣ ገፊው ሳይመጣ ሲቀር መንገደኛው ሊቀጣ! የዘገየው እነሱ፣ 50 ዶላር የሚያጣው እሱ።

ነጻ ጠበቃ፦ ሕጉም አይፈቅድም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ባለው ሕግ ሥር አየር መንገዱ የመስጠት ግዴታ ላለበት እርዳታ ማስከፈል የተከለከለ ነው፣ ለዊልቸር እርዳታም የሐኪም ወረቀት አይጠየቅም። በአውሮፓ በ1107/2006 ደንብ እርዳታውን የሚያቀርበው ኤርፖርቱ ነው፣ ወጪውን በመንገደኛ ቁጥር ለሁሉም አየር መንገዶች ያከፋፍላል። በፓርኪንግ የተመሰለውም ስህተት ነው። የፓርኪንግ ፈቃድ የሚሰጥ አካል አለ፣ እዚህ ሰጪ የለም።

ሰልፈኛው፦ ስለዚህ ምንም አይደረግ ነው መልሳችሁ።

ጌት 14፦ ተነገረህ እኮ። ኮዱ በትክክል ይሞላ፣ ገፊ ይጨመር። "በእግሩ የወረደ" የምትለውን ትተህ "የቆመ" በል፤ ሰዉን የሚያደክመው መቆም ነው።

ሰልፈኛው፦ እኔ ያልኩት ወንበር ነው፣ አላስፈለገውም።

ባለ 24 ቮልት፦ ጌት 14፣ እሱን ተወውና ለዚህ መልስ ስጥ፦ የ"ሲ" መንገደኛ ካቢን ውስጥ ከምትገፋው ጠባብ ወንበር ወደ መቀመጫው ሲዛወር የመተላለፊያው ክንድ ማሳረፊያ አይነሳም ይላሉ፣ በላዩ ያሳልፉታል።

ጌት 14፦ በአብዛኛው መቀመጫ ይነሳል፣ ማንሻው የት እንዳለ አለማወቃቸው ነው። ከማሳረፊያው ሥር፣ ወደ መታጠፊያው አካባቢ ትንሽ ቁልፍ አለች፤ በጣት ተጭኖ ወደ ላይ ነው። በሁሉም ረድፍ ስለማይኖር ግን የሚነሳ ያለበት ረድፍ አስቀድሞ ይጠየቅ። ለማዛወር ሁለት ሰው፦ ከኋላ ያለው በብብቱ ሥር አልፎ የመንገደኛውን ክንዶች ይይዛል፣ ከፊት ያለው ከጉልበት በታች። ልብስ ወይም ቀበቶ ይዞ መጎተት አይደለም።

ሰልፈኛው፦ ርዕሱ ግን ይህ አልነበረም።

ባለ 24 ቮልት፦ ያንተ አልነበረም።