ዚንኩ ፖሊመሩ ላይ ታስሯል ወይስ ተቀላቅሎ ነው የቀረው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ሥራዬ የመርከብ ቀለም ላይ ነው፤ አልጌና ባርናክል እንዳይለጠፍ የሚከላከለው ዓይነት። አሲድ ያለው አክሪሊክ ፖሊመር ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር አሙቄ ዚንክ አክሪሌት ሠራሁ። አይሲፒ (የብረት መጠን መለኪያ መሣሪያ) ላይ ዚንኩ ከስሌቴ በላይ ወጣ። ጂፒሲ (የፖሊመር ሰንሰለቶችን በመጠን የሚለይ መሣሪያ) ላይ ደግሞ ፒኩ (የግራፉ ጉብታ) ረጅም ጭራ አለው። ከየት ልጀምር?

አባል 1፦ እህቴ፣ ያልተዋሃደ ዚንክ ኦክሳይድ ቀርቶብሽ ይመስለኛል። አይሲፒ ጠቅላላ ዚንኩን ነው የሚለካው፤ የታሰረውን ካልታሰረው አይለይም። ናሙናውን በዛይሊንና ቡታኖል አቅጥኚና ሴንትሪፉጅ አድርጊው። ከላይ ያለውን ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ አድርቀሽ እንደገና አስለኪ። ዝቃጩን እንዳትደፊው! ኤክስሬይ ዲፍራክሽን (ክሪስታልን የሚለይ ምርመራ) ላይ፣ በመዳብ ጨረር፣ 31.8፣ 34.4 እና 36.3 ዲግሪ አካባቢ ፒክ ከሰጠሽ ዚንክ ኦክሳይድ ነው፤ አለቀ።

አባል 2፦ ምን አደከማት? ቲጂኤ (እያሞቀ ክብደት የሚመዝን መሣሪያ) ላይ አቃጥላ አመዱን ትመዝን።

አባል 3፦ አይሆንም ወንድሜ። አየር ላይ ከተቃጠለ የታሰረውም ያልታሰረውም መጨረሻው ዚንክ ኦክሳይድ ነው። መታሰሩን የሚነግራት ኢንፍራሬድ (የኬሚካል ትስስርን በሚመጥጠው ጨረር የሚለይ ምርመራ) ነው። 1700 (በአንድ ሴንቲሜትር የሞገድ ቁጥር) አካባቢ ያለው የአሲዱ ፒክ ይቀንሳል፣ ከ1550 እስከ 1600 ባለው ውስጥ የካርቦክሲሌት (ዚንክ የሚያስረው የአሲዱ ቅርጽ) ፒክ ይመጣል። 1730 ላይ ያለው የኤስተሩ ስለሆነ ንክች አይልም። የአሲዱ ፒክ እሱ ጥግ ስለሚደበቅ፣ ከመነሻው ፖሊመር ጋር ደራርበሽ እዪው።

የጂፒሲው ጣጣ ሌላ ነው። አንድ ዚንክ ሁለት ካርቦክሲሌት ይይዛል፤ ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል፣ የጂፒሲው ኮለም (መለያ ቱቦ) ላይም ይለጠፋሉ። ዚንኩን በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አውጪና ፖሊመሩን ለብቻው ለኪው።

አባል 4፦ ወደ ሌላ ብረት ለምትዞሩ አንድ ሁለት ነገር። መዳብ 2+ ፓራማግኔቲክ (ያልተጣመረ ኤሌክትሮን ያለው) ስለሆነ የኤንኤምአር (በማግኔት የሞለኪውል ቅርጽ የሚያሳይ ምርመራ) ፒኩን ያደበዝዛል፤ ኢፒአር (ያልተጣመረ ኤሌክትሮንን የሚያይ ምርመራ) ይሻላል። ቆርቆሮ ያለበትን በናይትሪክ አሲድ ብቻ ካሟሟችሁ ነጭ ዝቃጭ ይወጣል፣ ቆርቆሮውም አብሮት ይቀራል፤ ሃይድሮክሎሪክ ጨምሩበት። ቆርቆሮ ስል ያው ቲቢቲ (ትሪቡቲልቲን፣ ድሮ የመርከብ ቀለም ውስጥ ይገባ የነበረ መርዛማ የቆርቆሮ ውህድ) ማለቴ ነው። የ2001 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ2008 ጀምሮ መርከብ ላይ ስለከለከለው፣ አሁን የሚመረመረው በአብዛኛው ለቁጥጥር ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር)

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሴንትሪፉጁ ታች ላይ ነጭ ዱቄት ተጋግሮ አገኘሁ! ዚንኩን ያወጣሁበትን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን በምን ላስወግደው?

አባል 3፦ ማጠቢያው ውሃ በፒኤች ወረቀት ገለልተኛ እስኪሆን ፖሊመሩን እጠቢው፣ ከዚያ ቫክዩም ምድጃ ውስጥ አድርቂው። እርጥብ እንዳለ ቲኤችኤፍ (ለጂፒሲ ማሟሟያ የሚሆን ፈሳሽ) ውስጥ እንዳታስገቢው።