ለሃሎዊን ልብስ ስፊልን እየተባልኩ ነው፤ ነገሩ ምንድን ነው?

ሰፊዋ ከአራዳ፦
ጤና ይስጥልኝ የጎንደር ልጆች። አራዳ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሥራዬ ቀሚስና የደንብ ልብስ ነው፤ ለጥምቀት ደግሞ ጥልፍ። ሰሞኑን እናቶች እየመጡ «ለልጄ ጥቁር ካባ ከነቆቡ ስፊልኝ፣ ትምህርት ቤት ሃሎዊን አለባቸው» ይሉኛል። አንዷ በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ። አፅም የተሣለበት ቱታ ነው፤ የጎድን አጥንቱ አንድ ሳይቀር በነጭ ቀለም ወጥቷል። አማቴ እሱን አይተው «የሰይጣን ልብስማ እዚህ ቤት አይሰፋም» ብለው መቀሱን ከጠረጴዛው ላይ አነሱብኝ።

እንጀራዬ ስለሆነ እምቢ ማለት አልፈልግም። ግን የምሰፋውን ልወቅ። በዓሉ ከየት መጣ? የሰይጣን ነው የሚባለው እውነት ነው? ልጆቹስ ለምን እንደዚህ ይለብሳሉ?

የቀሃ ልጅ፦
ኧረ የፈረንጅ ኮተት ነው እቴ! ቡሄ እያለልን ምን አገባን?

አስጎብኚው፦
እህቴ፣ ፋሲል ግቢ ቱሪስት ሳዞር በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ይሄ ወሬ ይነሳል። አሜሪካኖቹ የራሳቸው ያደርጉታል፤ አየርላንዶቹ ደግሞ «የኛ ነው» ብለው ይቆጣሉ። እውነታቸውን ነው።

የጥንት አየርላንድና ስኮትላንድ ሰዎች ሳውን የሚሉት በዓል ነበራቸው። አዝመራው ተሰብስቦ፣ ከብቱ ከተራራ ግጦሽ ወርዶ፣ ብርድና ጨለማው የሚገባበት ሌሊት ነው። በዚያ ሌሊት በሕያዋንና በሙታን መካከል ያለው በር ይከፈታል ይሉ ነበር። እሳት ያነዳሉ። ፊታቸውን ጥላሸት ይቀባሉ፣ ጭምብል ያጠልቃሉ፤ የሚዞረው መንፈስ እንዳይለያቸው ነው ይባላል። ያንቺ ጥቁር ካባ ዘሩ ከዚህ ነው ይባላል። የጥንቱን ግን በጊዜው ቁጭ ብሎ የጻፈው የለም። ያለው ጽሑፍ ክርስትና ከገባ በኋላ መነኮሳት የጻፉት ነው። ስለዚህ ቲክቶክ ላይ «እንዲህ ይሠዉ ነበር» እያለ በዝርዝር የሚተርክ ካያችሁ ቶሎ አትመኑት።

ከዚያ ቤተ ክርስቲያን መጣች። በ8ኛው መቶ ዘመን የሮሙ ጳጳስ ግሪጎርዮስ 3ኛ ለቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያ ጸሎት ቤት ሰየሙ፤ በዓሉም እያደር ኖቬምበር 1 ላይ ጸና። በማግስቱ የሙታን መታሰቢያ ተጨመረ። ሃሎዊን የኖቬምበር 1ዱ በዓል ዋዜማ ነው። እንግሊዝ አገር ድሆች በየቤቱ ይዞሩ ነበር። ባለቤቱ ትንሽ ኬክ ይሰጣቸዋል፤ እነሱ ለዚያ ቤት ሙታን ይጸልያሉ። ይሄ እኮ ተዝካር ነው! ነዳያን በልተው «ነፍስ ይማር» ብለው እንደሚሄዱት።

ሰይጣን የሚገባው ተረቱ ውስጥ ነው። ጃክ የሚባል ቋጣሪ ሰካራም ሰይጣንን ያታልልና ነፍሴን አትወስድም ብሎ ቃል ያስገባዋል። ሲሞት ገነት አልቀበልም አለችው። ሰይጣንም ቃሌ ቃል ነው ብሎ ከሲኦል ደጅ መለሰው፤ ለመንገዱ ብቻ አንድ ፍም ወረወረለት። ጃክም ፍሟን የተቦረቦረ ሥራ ሥር ውስጥ ከትቶ እስከ ዛሬ ይንከራተታል። አየርላንዶች ለሃሎዊን ፋኖስ መጀመሪያ የሚቦረቡሩት ያንን ሥራ ሥር ነበር። በነሱ 1840ዎቹ የድንች ረሀብ ገብቶ ወደ አሜሪካ ሲፈልሱ ዱባ አገኙ፤ ትልቅ ነው፣ ለቢላም አያስቸግርም። በነገራችን ላይ ዱባ ትውልዱ አሜሪካ ነው። ያ የምንበላው ዱባ ወጥ ዘሩ ከዚያ ተሻግሮ የመጣ ነው።

የቀሃ ልጅ፣ ቡሄ ላልከው፦ ስኮትላንድና አየርላንድ ልጆቹ ጭምብል አድርገው መጀመሪያ ይዘፍናሉ ወይ ግጥም ይላሉ፤ ፍራፍሬና ለውዝ የሚሰጣቸው ከዚያ በኋላ ነው። ሆያ ሆዬ በለው። አሜሪካ ሲደርስ ዘፈኑ ቀረና ማስፈራሪያው መጣ፦ ወይ ስጡን ወይ ጉድ እንሠራችኋለን። የኛዎቹም ቢሆን ዛሬ ሙልሙል ብትሰጣቸው ፊታቸው ይጠቁራል፤ የሚፈልጉት ብር ነው።

የአቋቋም ተማሪ፦
ታሪኩን አልቃወምም። ግን ቀኑን እዩት። ኦክቶበር 31 በኛ ጥቅምት 21 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት ብቻ 20 ላይ ይውላል። 21 የእመቤታችን ቀን ነው። ወቅቱም ጽጌ ነው፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5። ጎንደር ላይ ቅዳሜ ማታ ማኅሌቱ ተቁሞ ያድራል፤ ኅዳር 6 ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት ደብር ቁስቋም ትነግሣለች። በዚህ መሃል ሕፃን ልጅ አፅም አልብሶ መላክ ለኔ አይጥመኝም። ትምህርት ቤቱ ቢያንስ ቀኑን ይግፋው። አንቺ ግን እህቴ፣ በመርፌና በክር ማን ይፈርድብሻል? አማትሽን በጥሩ አፍ አናግሪያቸው።

ከሜሪላንድ፦
ጎንደር ማራኪ ሰፈር ነው ያደግሁት፤ አሁን ልጆቼን እዚህ አሜሪካ ይዤ እዞራለሁ። ሲመሽ ነው የሚወጣው። የደጅ መብራቱ የበራበትን ቤት ብቻ ያንኳኳሉ፤ የጠፋበትን ያልፉታል። የተሰጣቸውን ጣፋጭ አምጥተው ምንጣፍ ላይ ሲዘረግፉት እኔ አንድ በአንድ እፈትሻለሁ፣ መጠቅለያው የተቀደደውን እጥላለሁ። ቸኮሌቱን ደግሞ እናት ትቀምሳለች፣ ሕግ ነው።

ለሙያሽ የሚጠቅምሽን ልንገርሽ። ካባውን ከቁርጭምጭሚት በላይ አስቀሪው፤ ረጅም ከሆነ ረግጠውት ይወድቃሉ። ሻማ ካለ እጅጌውን ጠበብ አድርጊው። ጭምብል ዓይናቸውን ስለሚጋርድ ፊታቸው ቢቀባ ይሻላል።

ደግሞ ሁሉም የሚያስፈራ አይለብስም። የኔ ትንሹ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር፣ ታላቋ ንብ። ጎንደር ሆነሽ ምን ቸገረሽ? አፄ ቴዎድሮስን ስፊላቸው! ሹሩባ በጥቁር ክር፣ ለምድ፣ ጋሻው በካርቶን። ለሴቶቹ እቴጌ ምንትዋብ አሉ።

ሰፊዋ ከአራዳ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ተዝካሩን ለአማቴ ነገርኳቸው፤ «ታዲያ አፅሙ ምን ያደርጋል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ቴዎድሮስን ስላቸው ግን ሳቁና የለምዱን አቆራረጥ ራሳቸው ያሳዩኝ ጀመር።

አፅሙን ያዘዘችው ሴትዮ ቀብድ ስለከፈለች እሱን እሰፋለሁ። ሁለቱ ወደ ቴዎድሮስ ዞረዋል። አሁን የቸገረኝ ሹሩባው ነው። የሱፍ ክር ልጆቹን አንገታቸው ላይ ያሳክካቸዋል፣ ጥጡ ደግሞ ቶሎ ይፈታል። ከሌላ ነገር ሠርቶ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ ከቆቡ ጋር ነው የማያይዘው።