«የአድራሻ ማውጫ ለመቁጠር ዶክትሬት?» ተባለ፤ እስቲ እንከራከር

የሂርማታው፦ ትናንት አንድ የዶክትሬት ተማሪ በኢንተርኔት የዶሜይን ስም ሥርዓት (የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ በሚመልሰው ማውጫ) ውስጥ ስላለው ድብቅ ጥገኝነት ጥናቱን ሲያቀርብ አንድ ትልቅ ሰው ተነስተው «የጅማ ገበሬ ቡናው እየረገፈበት የአድራሻ ማውጫ ለመቁጠር ዶክትሬት?» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ያጨበጨባችሁ እዚህም አላችሁና ምክንያታችሁን ጻፉ። እኔ በጣም ነው ያዘንኩት።

የማና ልጅ፦ ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ። አባቴ ዘንድሮም ፍሬው ጠቁሮ ረግፎበታል። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፣ ቅድሚያ የሚባል ነገር አለ። ሰውየው የተናገሩት የኔን ቤት ነው።

አጂፕ ሰፈር፦ ወንድሜ፣ የአባትህ ነገር ያሳዝናል። ግን «መቁጠር» ስትሉ ምን እንደሚቆጠር አይታችኋል? እኔ የምሠራበት ቡና ላኪ ቤት ድረ ገጹም ኢሜይሉም ድንገት ጠፋ። ሰርቨሩ ቁጭ ብሎ ይሠራል፤ በቁጥር አድራሻው ስጠራው ይመልሳል፣ በስሙ ስጠራው ዝም። ለካ ስማችንን የሚመልሱት ሁለቱም የስም ሰርቨሮች የተመዘገቡት የድረ ገጽ ቦታ በሚያከራየን ድርጅት በራሱ ዶሜይን ሥር ነው። እሱ ደግሞ ያንን ዶሜይን ሳያድስ ጊዜው አልፎበታል። እኛ የራሳችንን በጊዜው ከፍለናል! ናሙና የጠየቀን ገዢ ኢሜይሉ ተመልሶበት ወደ ሌላ ላኪ ሄደ። ያ ቡና ከማና የመጣ ነበር።

የማና ልጅ፦ እሺ፣ ከባድ ነው። ግን መፍትሔው አከራይ መቀየር ነው እንጂ ዶክትሬት አይደለም።

ኬብል፦ እስማማለሁ። የስም ሰርቨሮቻችሁን በተለያየ ቦታና በተለያየ ኔትወርክ አስቀምጡ የሚለው ምክር እ.ኤ.አ. በ1997 አርኤፍሲ 2182 በሚባለው የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ስም በአማካይ በ46 ሰርቨሮች ላይ እንደሚንጠለጠል አሳይተዋል። ምን ቀረ? እኔ እንጀራዬ ይሄ ነው፤ የታወቀን ነገር እንደ አዲስ ማቅረብ አልወድም።

አጂፕ ሰፈር፦ «ምን ቀረ» ትላለህ? እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 የብዙዎችን ስም የሚመልሰው ዳይን የተባለ ድርጅት ሚራይ በተባለው ቫይረስ በተጠለፉ መሣሪያዎች ጥቃት ሲወድቅ ትዊተርና ኔትፍሊክስ አብረው ጠፉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ፌስቡክ ወደ ስም ሰርቨሮቹ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ ዋትስአፕን ይዞ ስድስት ሰዓት ያህል ጨለመ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 የአማዞን የአንድ የመረጃ ቋት አገልግሎት የስም መዝገብ ባዶ ሆኖ በየአገሩ ስንቱ ሥራ ቆመ። ሁለት አከራይ ይዘህ ሁለቱም ከጀርባ አንድ ሦስተኛ ድርጅት ላይ ከተደገፉ የ1997ቱ ምክር ምን ይሠራልሃል? ውል ላይ አይጻፍም እኮ። ሰንሰለቱን እስከ ሥሩ ተከትሎ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል፤ በዶት ኢቲ (.et) የሚያልቁትን የኢትዮጵያ ስሞችንም እንደዚያው።

የሂርማታው፦ የማና ልጅ፣ «ቅድሚያ» ላልከው፦ የፍሬውን በሽታ የሚቋቋሙት 74110ና 74112 የተባሉት የቡና ዝርያዎች የወጡት እዚሁ ከመልኮ፣ ከጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ያኔም ተመራማሪው ከዛፍ ዛፍ እየዞረ የታመመ ፍሬ ይቆጥር ነበር። መቁጠር ጥፋት ከሆነ ያም መቅረት ነበረበት።

የማና ልጅ፦ መልኮን ከዚህ ጋር አታወዳድር! የመልኮ ሥራ ማሳችን ድረስ ደርሷል። ይሄ ተማሪ ማና ማን ጋ ሄደ?

ኦቦ ጅሬን፦ እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ደካማውን ሁሉ ዘርዝሮ ማውጣት ለሌባ መንገድ ማሳየት አይሆንም ወይ ልጆች?

ኬብል፦ ኦቦ፣ እዚህ ላይ ከተማሪው ጋር ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ተመራማሪ በዶት አይኦ (.io) የሚያልቁ ስሞችን ሁሉ የሚመሩት የስም ሰርቨሮች የሚጠሩባቸው ስሞች ለማንም ገዢ ክፍት ሆነው አገኘ። ገዛቸው፣ ከሰባቱ አራቱ እጁ ገቡ። አሳወቀና ተስተካከለ። ሌባ ቢቀድመው ኖሮ አስቡት።

የማና ልጅ፦ ታዲያ አዲስ አበባ ለምን አይሠራም? ዳታ ሴንተሩ እዚያ ነው።

አጂፕ ሰፈር፦ ጅማ ለምን አይሠራም? ወላሂ የሚያናድደኝ ይሄ ነው! ስሙን የሚጠይቀው እዚህ ያለው ሰው ነው፤ ከዚህ ሲለካ የሚገኘው መልስ ከሌላ ቦታው ሊለይ ይችላል። የራሳችንን ልጅ አስጨብጭበን አሸማቀቅነው።

የሂርማታው፦ ኬብል፣ «ምን ቀረ» ያልከውን ትተሃል ወይስ ይዘሃል?

ኬብል፦ ይዣለሁ። የዶት ኢቲን ልኬት ያምጣና አነባለሁ።

የማና ልጅ፦ እኔም አልተመለስኩም። የገበሬ ማኅበራቱን ስም ለክቶ ውጤቱን ማና መጥቶ ያስረዳ፣ ያኔ እናወራለን።

አጂፕ ሰፈር፦ መጀመሪያ ላኪዎቹ ጋ ነው መሄድ ያለበት፤ ገዢው የሚጽፈው ለነሱ ነው።

የማና ልጅ፦ ይኸው! እሱንም ለላኪ አደረጋችሁት።