የጃዝ ሰው ሙት ዓመት በደሴ፦ ባንዱን፣ ማሲንቆውንና የድሮውን ካሴት እንዴት እናስማማ?

የጦሳ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ላይ ለአንድ ነባር የቴነር ሳክስፎን ሰው በሙት ዓመታቸው የሙዚቃ መታሰቢያ እያዘጋጀን ነው። አዳራሹ 250 ሰው ይይዛል። በእጃችን ቴነር፣ ትራምፔት፣ ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ድራም፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ክራርና ሁለት ድምፃዊ አለ። አራቱንም ቅኝት (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ) መንካት እንፈልጋለን፤ ወሎ ላይ ቆሞ አምባሰልንና ባቲን መዝለል ነውር ነው። ጋሼ ራሳቸው የነፉት ሶሎ በካሴት ተገኝቷል፤ ባንዱ ከሳቸው ጋር አብሮ ቢጫወት የሚል ሐሳብ አለ። ቤተሰቡ ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ ሙስሊም ነው። ከቀን አቆራረጥ እስከ ድምፅ ድረስ የምታውቁትን ጣል አድርጉልን።

ሰኞ ገበያ
አብሽር የጦሳ ልጅ። ቀኑን ከቤተሰቡ ጋር ሳትቆርጡ ለማንም ቀብድ እንዳትሰጡ። ተዝካሩም ሰደቃውም በየራሱ ቀን ይውጣ፤ ሙዚቃው ከሁለቱም ተለይቶ በሌላ ቀን፣ በሌላ ቦታ ይሁን። ዱዓ የተደረገበት ድንኳን ውስጥ ድራም ሲተከል ዝም ብሎ ቅር የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ ወሎዬ ደግሞ ቅሬታውን ፊት ለፊት አይነግራችሁም። ሁዳዴንና ረመዳንን እለፏቸው።

ሰዓቱን እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት አድርጉት። ቅዳሴ ወጥቷል፣ ዙሁርም ተሰግዷል። አሱር 10 ሰዓት አካባቢ ስለሚገባ እረፍቱን እዚያ ላይ አውሉት፤ 25 ደቂቃ በቂ ነው። ከመግሪብ በፊት ሕዝቡ ቤቱ ይገባል።

ሥጋ አታስቡ። የሁለት ወገን ሥጋ ማለት ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ሰልፍ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ቡናና ሻይ ማንንም አያስቀይምም። መንዙማ ይግባ የሚል መምጣቱም አይቀርም። ከገባ በድቤና በድምፅ ብቻ፣ አዋቂዎቹ ባሉት መንገድ ይባል እንጂ ኪቦርድ ከሥሩ እንዳትሰዱበት።

ንግግር ሦስት ብቻ፣ እያንዳንዱ አራት ደቂቃ፣ ያውም በዜማዎቹ መሃል ተበትኖ። መጀመሪያ ላይ ከተደረደረ ቴነሩ ሳይነፋ አዳራሹ ግማሹን ያጣል።

ቦርከና
ስለ ቅንብሩ ልጨምር። መጀመሪያ የድምፃዊዎቹን ኪ (ዜማው የሚቆምበትን መነሻ ድምፅ) ያዙ፣ ከዚያ ለነፊዎቹ ጻፉ። ቴነርና ትራምፔት የቢ ፍላት መሣሪያ ስለሆኑ የሚጻፍላቸው አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ብሎ ነው (ለቴነር አንድ ኦክታቭም ይጨመርበታል)፤ ኪቦርዱ ኢ ፍላት ላይ ከሆነ እነሱ ወረቀታቸው ላይ ኤፍ ያያሉ። ወረቀት የማያነብ ነፊ ካለም ኪውን በራሱ መሣሪያ ስም ንገሩት። «ኢ ፍላት ነው» ብቻ ከተባለ ማን የማንን ኢ ፍላት እንደሰማ የሚታወቀው መድረክ ላይ ነው።

ከባዱ ኮርድ ላይ ነው። አምባሰልን ከሲ ብትጀምሩት ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። መነሻው ላይ ኮርዱን ሜጀር ወይም ማይነር የሚያደርገው ሦስተኛ ድምፅ (ኢ ወይም ኢ ፍላት) የለም። የጃዝ ልምድ ያለው ኪቦርዲስት እጁ ሳያስበው ኢ ይጨምርበትና አምባሰሉ ወዲያው ሌላ ነገር ይሆናል። ሲ እና ጂን ብቻ ይያዝ፣ ወይም ዲ ፍላት ሜጀርና ኤፍ ማይነር ላይ ይመላለስ፤ ሁለቱም ከቅኝቱ ሳይወጡ ይገኛሉ። ሜጀር የሆነው ባቲ (ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ) የተመቸ ነው፤ ሲ ሜጀር ሰቨን ሙሉውን ከውስጡ ይወጣል። ትዝታ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ሜጀሩ ይሁን ማይነሩ ብቻ ቀድማችሁ ተስማሙ።

አንቺሆዬ ላይ ኪቦርዱ ዝም ይበል። ማሲንቆ የሚይዘው አንቺሆዬ ከፒያኖ ቁልፍ ጋር ልክ አይገጥምም፤ ረጅም ኮርድ ከሥሩ ሲተኛ ማሲንቆው የሳተ ይመስላል፣ የሳተው ግን እሱ አይደለም። ቤዝ መነሻውን ይያዝ፣ ድራም በብሩሽ ይሂድ፣ ይበቃል።

መክፈቻው ምት የሌለው የቴነር ብቸኛ ጨዋታ ቢሆን ይመረጣል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በቴነር ሳክስፎን አምጥተው ያሳዩት መንገድ ነው፤ ለቴነር ሰው መታሰቢያ ከዚህ የቀረበ የለም። የኒው ኦርሊንስን ልማድ፣ በዝግታ ወደ ቀብር ሸኝቶ በፈጣን ምት የመመለሱን፣ እዚህ መቅዳት ግን አይታየኝም። ሞቅ ያለው ዜማ መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ ያውም ቤተሰቡ ከፈቀደ።

የካሴት ወዳጅ
ካሴቱን ከማጫወታችሁ በፊት በእጅ አንዴ እስከ ጫፍ አዙራችሁ መልሱት፤ ለዓመታት የተቀመጠ ቴፕ ተጣብቆ ይበጠሳል። የማጫወቻውን ሄድ (ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) በአልኮልና በጥጥ ጥረጉ። ድምፁ የታፈነ ከመሰላችሁ ሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በጥቂቱ አዙሩ፤ ጥርት የሚልበት ነጥብ አለ። በኢኳላይዘር ትሬብል መጨመር እሱን አይተካም፣ ጩኸቱን ብቻ ያበዛል።

ወደ ኮምፒውተር ሳትጨምቁ በዌቭ ቅዱት። ከዚያ ኪውን ለኩ፤ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚወድቀው። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት፣ የድሮ ቴፖች ግን አይታመኑም፤ 6 በመቶ ከፈጠነ ዜማው በግማሽ ድምፅ ይወጣል። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ፍጥነቱን ከኪቦርዱ ጋር እስኪገጥም አስተካክሉት። ድምፁን ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱን ነው የምትቀይሩት፤ ስህተቱ የሞተሩ ስለሆነ ሁለቱም አብረው ይመለሳሉ።

አብሮ መጫወቱን ግን ተዉት። ካሴቱ ላይ ሌላ ባንድ ከሥር አለ፣ ምቱም ይወዛወዛል፣ ድራመሩ ሲያሳድደው ይውላል። የጋሼን ሶሎ ብቻውን ሁለት ደቂቃ አሰሙና ባንዱ በዚያው ኪ ከኋላው ይግባ።

ቦርከና
በዚህ አልስማማም። ምት የሌለው ቦታ ካለ ቤዝና ማሲንቆ መነሻውን እየያዙ አብረው ሊቆዩ ይችላሉ። ምት ሲጀምር ነው መውጣት ያለባቸው።

የካሴት ወዳጅ
እሱማ ይሁን። ድራም ግን አይንካው።

አዝዋ ገደል
የደሴ ብርድ ላይ ማንም አልተናገረም። 20 ዲግሪ ላይ የተቃኘ ቴነር 12 ዲግሪ ላይ የግማሽ ድምፅ ሩብ ያህል ይወርዳል፤ ኪቦርዱ ደግሞ ንቅንቅ አይልም። ነፊዎቹ መሣሪያቸውን መኪና ውስጥ አያሳድሩ፤ ከጨዋታው በፊት አሥር ደቂቃ ነፍተው ካሞቁ በኋላ ይቃኙ። ክራርና ማሲንቆ መጨረሻ ላይ ከኪቦርዱ ይቃኙ።

ሳክስፎኑን ማይኩን አፉ ውስጥ ከትታችሁ አትያዙት፤ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ወደ መሃል ቁልፎቹ ይይ። ለማሲንቆ በርኩማው (ጭራውን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት) አጠገብ የምትቆነጠጥ ትንሽ ማይክ ትሻላለች፣ ደጋኑ ቦታ ያገኛል። ቆዳው የሞኒተሩን (ወደ ተጫዋቾቹ የዞረውን ስፒከር) ድምፅ ስለሚቀበል ቶሎ ይጮኻል፤ ከ120 ኸርዝ በታች ቁረጡት፣ ከድራሙም አርቁት። ባዶ አዳራሽ ላይ ያስተካከላችሁት ድምፅ ጋቢና ኩታ የለበሰ 250 ሰው ሲገባ ይደርቃል፤ ሳውንድ ቼክ ላይ ያስተጋባል ብላችሁ ትሬብሉን አትግደሉት።

የጦሳ ልጅ
እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። መብራት ቢጠፋስ? ጀነሬተር ለመከራየት አስበናል።

አዝዋ ገደል
የድምፁና የመብራቱ ጭነት ተደምሮ 4 ኪሎዋት ከሆነ 8 ኪሎ ቮልት አምፔር ተከራዩ፤ ቤዝና ድራም ሲመቱ በቅጽበት የሚስቡት ከፍ ይላል። ከአዳራሹ ጀርባ 30 ሜትር አርቁት፣ ገመዱም ባለ 4 ሚሊ ይሁን፤ 1.5 ሚሊ ይግላል። ሚክሰሩንና ኪቦርዱን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ስኩ። መብራት ሄዶ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ኪቦርዱ ከጠፋ፣ ሲመለስ ብዙዎቹ ላይ ትራንስፖዙ (ቁልፎቹን ሳይቀይሩ ኪውን የሚያወጣው የሚያወርደው ቁጥር) ወደ ዜሮ ይመለሳል። ትራንስፖዝ ተጭኖ የሚጫወት ኪቦርዲስት ካላችሁ ዜማውን በሌላ ኪ ነው የሚቀጥለው። ቁጥሩን በፕላስተር ኪቦርዱ ላይ ይለጥፍ።