የሞንሮ ዶክትሪን ማንን አዳነ?

የመርካቶ ልጅ፦ ትናንት ማታ አንድ ውይይት ላይ አንድ ተንታኝ «አሜሪካ ከጥንስሷ የቅኝ ግዛት ጠላት ናት፤ በ1823 በሩን ባትዘጋባቸው አውሮፓውያን ደቡብ አሜሪካን መልሰው ይወስዱት ነበር» አለ። በር መዝጋት ያለው ፕሬዚዳንት ሞንሮ ያኔ ያወጣውን መግለጫ፣ የሞንሮ ዶክትሪን የሚባለውን ነው። አዘጋጁም አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ አለፈው። በጣም ነው የተናደድኩት። ስፔንን ተዋግተው ያስወጡት ቦሊቫርና ሳን ማርቲን የት ገቡ? ሕዝቡ ከአስር ዓመት በላይ ደሙን አፍስሶ ያመጣውን ነጻነት አንስቶ ለአንድ የዋሽንግተን ወረቀት መስጠት ነውር ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ዳኒ ዘ ሜሪላንድ፦ ሰውዬው ምን አጠፋ? ዘመኑን እይ እንጂ። ያኔ ፈረንሳይ ስፔን ገብታ ለንጉሥ ፈርዲናንድ ሰባተኛ ሙሉ ሥልጣኑን መለሰችለት። ሩሲያ፣ ኦስትሪያና ፕሩሲያ ደግሞ አብዮት በተነሳበት ሁሉ ጦር ይዘው መድረስን ሥራዬ ብለው ይዘውታል። ቀጣዩ ተራ የሜክሲኮና የኮሎምቢያ ነው ተብሎ ተፈርቶ ነበር። የሩሲያው ዛርም በ1821 ከአላስካ እስከ 51ኛው ዲግሪ ያለው ጠረፍ የኔ ነው ብሎ አውጇል። ገና ሃምሳ ዓመት ያልሞላት አገር በዚህ መሃል ተነስታ «ከእንግዲህ ይህ አህጉር ለአውሮፓ ቅኝ ግዛት ክፍት አይደለም» አለች። በሩን ዘጋች ማለት ትክክል ነው።

የናቲ እናት፦ በምን አቅሟ ነው የዘጋችው ዳኒ? ባሕሩን የያዘው እኮ የእንግሊዝ መርከብ ነው። በኦገስት 1823 የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ካኒንግ ነው ለንደን ላለው የአሜሪካ መልእክተኛ «መግለጫውን አብረን እናውጣ» ያለው። የቀድሞዎቹ ፕሬዚዳንቶች ጄፈርሰንና ማዲሰን እንኳ ተቀበሉት ብለው መክረዋል። እምቢ ያለው የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ክዊንሲ አዳምስ ነው። ካኒንግ ግን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። ኦክቶበር ላይ የፈረንሳዩን አምባሳደር ፖሊኛክን ይዞ፣ ፈረንሳይ በእነዚያ አገሮች ላይ ጦር እንደማታነሳ ቃል አስገባው። ሞንሮ ዲሴምበር 2 መልእክቱን ለኮንግረስ ሲልክ ትልቁ አደጋ አልፏል።

ዳኒ ዘ ሜሪላንድ፦ የዚያ ዘመን ወሬ በመርከብ ነው የሚሄደው። ሞንሮ ያን ሲጽፍ የፖሊኛክ ቃል ዋሽንግተን አልደረሰም። አደጋው አለ ብለው አምነው ነው የተናገሩት። የእንግሊዝ ጭራ መሆንንም አልፈለጉም። ይሄ ሊከበር ይገባል።

የመርካቶ ልጅ፦ አዳምስ እምቢ ያለበትን ምክንያት ግን ግማሹን ነው የነገርከን። የካኒንግ ሐሳብ «እኛም ራሳችን ከእነዚህ አገሮች ምንም መሬት አንወስድም» የሚል ነበረበት። አዳምስ ይህን ቢፈርሙ ወደፊት በቴክሳስና በኩባ ጉዳይ እጃችን ይታሰራል ብሎ ነው የሸሸው፤ ራሱ በማስታወሻው ጽፎታል። ታዲያ በሩን የዘጋው ለማን ነው? ሌባ እንዳይገባ ነው ወይስ ውስጥ ያለውን ብቻውን ሊወስድ?

ጋሽ ተሬ፦ ልጆች፣ ሁላችሁም ሄይቲን ዘላችኋት። ሄይቲ በ1804 ነጻ ወጣች። የናፖሊዮን ጦር እዚያ በውጊያና በቢጫ ወባ ባያልቅ ኖሮ ሉዊዚያናን በ15 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ መሸጡ ያጠራጥራል። ውለታው ግን እንዴት ተመለሰ? ሞንሮ ከተናገረ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1825፣ ፈረንሳይ የጦር መርከቦች ልካ ለቀድሞ ባሪያ አሳዳሪዎች 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ ክፈሉ አለቻቸው። በመድፍ አፈሙዝ ነው ያስፈረመቻቸው። ዋሽንግተን ምን አለች? ምንም። ለሄይቲ ዕውቅና የሰጠችው በ1862 ነው። የደቡብ ባሪያ ፈንጋዮች ከኮንግረስ ከወጡ በኋላ ማለት ነው።

ዳኒ ዘ ሜሪላንድ፦ ጋሽ ተሬ፣ በሄይቲ ጉዳይ ከእርስዎ ጋር አልከራከርም፤ ያሳፍራል። ግን ዶክትሪኑ አዲስ ቅኝ ግዛት አይመሥረት ነው ያለው። ነባሮቹን አንነካም ብሎ በግልጽ ጽፏል። በ1825 ፈረንሳይ መሬት አልያዘችም።

የናቲ እናት፦ እሺ፣ መሬት የተያዘበት ልስጥህ። በ1833 እንግሊዝ አርጀንቲና የኔ ናቸው የምትላቸውን የማልቪናስ (ፎክላንድ) ደሴቶች ያዘች። ሞንሮ ከተናገረ ገና አስር ዓመቱ። አሜሪካ ዝም አለች። እንዲያውም ከዚያ በፊት በ1831 መጨረሻ የራሷ የጦር መርከብ ሌክሲንግተን ሄዶ እዚያ ያለውን የአርጀንቲና ሰፈር አፈራርሷል። ይሄ በር መዝጋት ነው?

ሀብቴ ፒያሳ፦ እኔ የሚገርመኝ የኛ ሰው የሞንሮን ሲያወራ ምኒልክን መርሳቱ ነው። ምኒልክ በ1891 ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉት ደብዳቤ አፍሪካን ሲቀራመቱ ዝም ብዬ አላይም ብለዋል። ከአምስት ዓመት በኋላም በዐድዋ አሳዩ።

የመርካቶ ልጅ፦ ሀብቴ፣ ዐድዋ ኩራታችን ነው። ግን እባክህ ዛሬ ስለ አሜሪካ እንጨርስ።

ሀብቴ ፒያሳ፦ ግንኙነት አለው እኮ! በ1903 መልእክተኛውን ስኪነርን አዲስ አበባ ልኮ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ያስፈረመው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው። ያው ሰው በዓመቱ ሞንሮን ገልብጦ «የላቲን አሜሪካ አገሮች ካጠፉ እኛ ፖሊስ እንሆናለን» አለ። እኛን እንደ እኩል መንግሥት ያናገረን ስላሸነፍን ነው። ጦር የሌለውን ደግሞ በ1915 ገብተው እስከ 1934 ገዙት። ሄይቲን ማለቴ ነው።

ዳኒ ዘ ሜሪላንድ፦ ስለ ሜክሲኮ ለምን ማንም አያነሳም? የፈረንሳዩ ሦስተኛው ናፖሊዮን የኦስትሪያውን ልዑል ማክሲሚሊያንን እዚያ ንጉሥ አድርጎ ሲያስቀምጥ፣ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነቷን እንደጨረሰች ጄኔራል ሸሪዳንን ከነጦሩ ወደ ቴክሳስ ድንበር ላከች። ፈረንሳይ ወጣች። በሩ ተዘጋ።

የመርካቶ ልጅ፦ የሜክሲኮን ሰው እንደገና ረሳኸው። ከ1862 ጀምሮ ከሜክሲኮው ፕሬዚዳንት ከሁዋሬዝ ጋር ሆኖ የተዋጋው ማን ነው? ደግሞስ በ1848 የሜክሲኮን ግማሽ መሬት የወሰደው ማን ነው? ፈረንሳይ አይደለችም። አንተ የምትኖርበት አገር ስለሆነ ነው ጥፋቱ የማይታይህ።

ዳኒ ዘ ሜሪላንድ፦ ይሄን አልቀበልም። የምኖርበትን አገር እወዳለሁ፣ ጥፋቱንም አይቻለሁ፤ አሁን እንኳ ስለ ሄይቲ ተናግሬያለሁ። ነገ ከሥራ ስወጣ የ1895ቱን የቬንዙዌላና የእንግሊዝ ጊያና የድንበር ጉዳይ እጽፋለሁ። እንግሊዝን ያህል ኃይል አሜሪካ ለድርድር አስቀምጣለች።

የናቲ እናት፦ ጻፈው። ግን በ1899 ፓሪስ ላይ ያንን ድንበር የወሰኑት ዳኞች ሁለት አሜሪካውያን፣ ሁለት እንግሊዛውያንና አንድ ሩሲያዊ እንደነበሩም አብረህ ጻፍ። ከቬንዙዌላ አንድም ዳኛ አልነበረም።