ኦሚክሮን «የእግዜር ክትባት» ነው?
(በ2014 ዓ.ም. ገና ማግስት በኢንተርኔት የተደረገ ክርክር)

ሲስተር ከሜሪላንድ፦
እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። በበዓል ማግስት መጨቃጨቅ አልፈልግም ነበር። ግን የጀፔው ወንድማችን ትናንት ስለ አዲሱ የኮቪድ ዝርያ ስለ ኦሚክሮን የጻፈው ነገር ሆዴን አቃጠለው። «ኦሚክሮን ጉንፋን ነው፤ እንዲያውም የእግዜር ክትባት ነው፤ ሁሉም ይያዝና ይገላገል» ብሏል። ከሥሩ አሜን የሚል ተደርድሯል። እኔ የምሠራው ሆስፒታል ነው። ባለፈው ማክሰኞ የሜሪላንድ ገዥ የ30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አውጀዋል። በስቴቱ ሆስፒታሎች በኮቪድ የተኛው ሰው ከ3,000 አልፏል። ወረርሽኙ ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ ቁጥር አላየንም። 1,000 የብሔራዊ ዘብ አባላት እንዲያግዙ ተጠርተዋል። ይሄን ነው ክትባት የምትሉት?

የጀፔው፦
እህቴ፣ አንቺንም እንኳን አደረሰሽ። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት። የምኖረው ጆሃንስበርግ፣ ጀፔ ሰፈር ነው። ኦሚክሮን ቀድሞ የተገኘው በኛው ክፍለ ሀገር በጋውቴንግና በጎረቤታችን በቦትስዋና ነው። ባለፈው ሰኔና ሐምሌ የፊተኛው ዝርያ ዴልታ ሲመጣ ጀፔ ላይ ሱቅ ለሱቅ ሐዘን ነበር። ኦክስጅን ፍለጋ ሌሊቱን ስልክ ስንደውል ነበር የምናድረው። አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ እያዋጣን እጃችን ባዶ ቀርቶ ነበር። በኅዳር ደግሞ ኦሚክሮን መጣ። እኔን ያዘኝ፤ ባለቤቴን ያዛት፤ ሱቅ የሚያግዘኝን ልጅ ያዘው። ጉሮሮ ይከረክራል፣ ወገብ ይቆርጣል፣ ድካም አለው። ከዚያ ሁላችንም ሥራ ገባን። የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ማኅበር ሊቀመንበር ዶክተር አንጀሊክ ኩትዚም ገና ያኔ ይህንኑ ተናግራለች። ፕሪቶሪያ ባለው ክሊኒኳ የምታያቸው ሰዎች ምልክታቸው በጣም ቀላል ነው አለች። የሰማት የለም። አውሮፓና አሜሪካ በር ዘጉብን። አሁን ደግሞ መንግሥታችን ማዕበሉ ጣራውን አልፏል ብሎ የሰዓት እላፊውን አንሥቷል። ታዲያ ይህ ቀላል ካልተባለ ምን ይባል?

ፋርማሲስቱ ከሜክሲኮ፦
አዲስ አበባ በታኅሣሥ ያልሳለ ሰው አልነበረም። እዚሁ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፤ ወረፋው በር ላይ ሞልቶ አስፋልቱ ድረስ ይወርድ ነበር። የሚመጣው ሁሉ «ጉንፋን ነው፣ አዚትሮ ስጠኝ» ነው የሚለው። የሐኪም ወረቀት የያዘው ጥቂት ነው። አዚትሮማይሲን የሚገድለው ባክቴሪያ ነው፣ ቫይረስ አይነካም ብዬ ስነግረው «ባለፈው ወስጄ ድኛለሁ» ይለኛል። አንዲት እናት የሦስት ልጆቿን፣ የባሏንና የአማቷን በአንድ ጊዜ ልትገዛ መጥታ ከለከልኳት፤ ወጥታ ከማዶ ካለው ገዛች። በቀን የተመዘገበው ቁጥር ከ3,000 በላይ የደረሰው በነዚህ ቀናት ነው። ያልተመረመረውን አስቡት።
ግን እውነት ለመናገር፣ የጀፔው ያለውን እኔም አይቻለሁ። በዚህ ዙር ኦክስጅን ፍለጋ የሚሯሯጥ ቤተሰብ ከበፊቱ አንሷል።

የጀፔው፦
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። መሬት ላይ ያለ ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው።

ሲስተር ከሜሪላንድ፦
ከበፊቱ ማነሱን መቼ ካድኩ? እኔ የያዝኩት «የእግዜር ክትባት» ያልከውን ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዴልታ ይዞህ ነበር?

የጀፔው፦
ይዞኝ ነበር። ክፉኛ ነው የጣለኝ።

ሲስተር ከሜሪላንድ፦
በል እንግዲህ። መያዝ ክትባት ቢሆን ኖሮ በኅዳር ድጋሚ ባልተያዝክ። የራሳችሁ የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ናቸው ኦሚክሮን ከመጣ ወዲህ ድጋሚ የሚያዘው ሰው በዛ ያሉት። ደግሞም በጋውቴንግ ከኦሚክሮን በፊት በተደረገ የደም ጥናት ከአሥር ሰው ሰባቱ ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቶበታል። ወይ ታሞ የዳነ ነው፣ ወይ የተከተበ። አንተን ቀስ ብሎ ያለፈህ ሰውነትህ ስለሚያውቀው ነው። ያ እውቀት የተገዛው ደግሞ በነዚያ አስከሬናቸውን በላካችሁላቸው ሰዎች ነው። ምንም የማያውቅ ሰውነት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ከኔ ዋርድ መጥተህ እይ። ያልተከተቡት ናቸው መተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያሉት።

የጀፔው፦
የሞቱብኝን ሰዎች ስም ሳታውቂ በነሱ አትከራከሪኝ። እነሱን የቀበርኩት እኔ ነኝ። ቀለል ብሎ ሲመጣ ደስ ያለኝም ለዚህ ነው።

ወለተ ማርያም፦
እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ይህን በሽታ የእግዜር ክትባት ብሎ መጥራት ተገቢ አይደለም። በዚሁ በሽታ የሞተ ሰው አለ። የዳነውን እግዜር ከተበው ካልን፣ የሞተውን ማን ገደለው ልንል ነው? ስሙን በከንቱ አንጥራ።

የጀፔው፦
እህቴ ወለተ ማርያም፣ በዴልታ ጊዜ ሌሊት ሌሊት ስንጸልይ የነበረው «ይህን መዓት አቅልልልን» ብለን ነው። ቀለለ። ማመስገን ኃጢአት ከሆነ ንገሪኝ።

ወለተ ማርያም፦
ማመስገኑን አልተቃወምኩም። «ሁሉም ይያዝ» ማለትህን ነው። ሰው እንዲታመም የሚመኝ ምስጋና የለም።

የአትላንታው፦
ሲስተር፣ ሥራሽን አከብራለሁ። ግን የእንግሊዝ ጤና ደኅንነት ኤጀንሲ ያወጣውን አንብቢ። ኦሚክሮን የያዘው ሰው ሆስፒታል የመግባት ዕድሉ በዴልታ ከተያዘው ጋር ሲነጻጸር ወደ ሲሦ ወርዷል። ይህ ወሬ አይደለም። ቫይረስ ሲቆይ ይደክማል። የያዘውን ሰው ከገደለ ራሱም መተላለፊያ ያጣል፤ ስለዚህ እየለዘበ ይሄዳል። የተፈጥሮ ሕግ ነው። ፍርሃት መንዛቱ ይብቃን።

ሲስተር ከሜሪላንድ፦
ሲሦ የሚለውን ልክ ነህ። ግን ሂሳቡን ጨርሰው። አደጋው ሲሦ ሆኖ የሚያዘው ሰው አምስት እጥፍ ከሆነ ሆስፒታል የሚመጣው ይበዛል ወይስ ያንሳል? ሰኞ ዕለት አሜሪካ ውስጥ በአንድ ቀን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቧል። ነርሶቹም አብረን ነው የታመምነው። በፈረቃችን የጎደለውን አልጋ ሳይሆን ሰው ነው የምንቆጥረው። በዴልታ ጊዜ እንሰጣቸው ከነበሩት የፀረ እንግዳ አካል መድኃኒቶች አብዛኞቹ ኦሚክሮን ላይ አይሠሩም። የሚሠራው ደግሞ በራሽን ነው።

ጋሼ ከሐዋሳ፦
ልጆቼ፣ ጣልቃ ልግባ። በፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ከሠሩት አንዱ ነኝ። ከ1963 እስከ 1968 ዓ.ም. በእግርም በበቅሎም አገር ዞረናል፤ ለገደላ ገደሉ ቦታ ሄሊኮፕተር ነበር። የአትላንታው ልጄ «የተፈጥሮ ሕግ» ስላልከው ነው። ፈንጣጣ ስንት ሺህ ዓመት ከሰው ጋር ኖሯል። እስያ ውስጥ እስከ መጨረሻው ድረስ ከአሥር ሰው ሁለትና ሦስቱን ይገድል ነበር። ቆይቶ አልለዘበም። ለምን? ሰውየው ሳይሞት በፊት ለሌላው አስተላልፎ ጨርሷል። ኮቪድም እንዲያ ነው። ሰው የሚያስተላልፈው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ የሚሞተው ግን ከሳምንታት በኋላ። ቫይረሱ ሰው ቢሞት ባይሞት የሚቀርበት ነገር የለም። ዴልታስ ከቀደሙት በኋላ አይደል የመጣው? ለዘበ?

የአትላንታው፦
ጋሼ፣ እርስዎን መከራከር ይከብደኛል። ግን ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። እንዲያ ከሆነ ቀላል ዓይነት ይፈጠራል ማለት ነው። ያልኩትን አጠናከሩልኝ።

ጋሼ ከሐዋሳ፦
ትክክል ነው፣ የኛው ቀለል ያለው ነበር። ከመቶ አንድ ሰው ገደማ ነበር የሚገድለው። ግን የሆነውን ስማኝ። ከዓለም መጨረሻ ላይ ከጠፋባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። መንገድ አለመኖሩና ጸጥታው አንድ ነገር ነው። ሌላው ግን ቀላል መሆኑ ነው። ሕመምተኛው አይተኛም። ፊቱ ላይ ቁስሉ እያለ ገበያ ይወጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ውኃ ይቀዳል። እንደ ቀላል ስለሚታይም ክትባት አንፈልግም ብለው በድንጋይ ያባረሩን ነበሩ። ያጠፋነው እያንዳንዱን ቤት አንኳኩተን ነው። በራሱ ደክሞ አልጠፋም።
ለጀፔው ልጄም ልንገርህ። በየገጠሩ ባህላዊ ከታቢዎች ነበሩ። ከታማሚው መግል ወስደው ለጤነኛው ክንዱን በጥተው ይከቱበታል። «ይያዝና ይገላገል» ነው። አብዛኛው ቀለል ብሎት ይድናል። የሚሞት ግን ነበር። እንዲህ ክንዱን ከተበጣው ሰው ደግሞ ያልተበጣው ጎረቤት ይያዛል። መንደር ሙሉ ሲታመም ደርሰን ስንጠይቅ መነሻው እሱ ሆኖ ያገኘንበት ጊዜ አለ።

የጀፔው፦
ጋሼ፣ ያሉትን ተቀብያለሁ ብዬ አልዋሽም፤ ግን አነብበዋለሁ። እኔ ማንንም ክንዱን ልብጣ አላልኩም። ሱቄን ዘግቼ ልጆቼን ምን ላብላ ነው ጥያቄዬ። ዕለት ሠርቶ ዕለት የሚበላ ሰው ስንት ጊዜ ቤት ይዘጋበታል?

ፋርማሲስቱ ከሜክሲኮ፦
ቀላል የሆነበት ምክንያት በላቦራቶሪም ታይቷል። የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በታኅሣሥ ያወጡት አለ። ኦሚክሮን በአየር ቧንቧው ቅርንጫፎች ውስጥ ከዴልታ 70 እጥፍ ቶሎ ይባዛል። በሳንባ ሥጋ ውስጥ ግን ከመጀመሪያው ቫይረስ ከ10 እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ሰው ሁሉ ጉሮሮዬን የሚለኝ ለዚህ ይሆናል። ከላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ በትንፋሽ ይረጫል። የሲስተርም የጀፔውም እውነት እዚያው ውስጥ ነው ያለው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ግን እጅግ ብዙ ሰው ከያዘ ሞቱም ሊበዛ ይችላል ብለው አስጠንቅቀዋል።

ሲስተር ከሜሪላንድ፦
ሐሙስ ዕለት የዓለም ጤና ድርጅቱ ዶክተር ቴድሮስም ይህንኑ ነው የተናገሩት። ከዴልታ ያነሰ ይመስላል፣ በተለይ በተከተቡት ላይ፤ ግን ቀላል ተብሎ መመደብ የለበትም፣ ሰው ሆስፒታል እያስገባና እየገደለ ነው ብለዋል።

የአትላንታው፦
እባክሽ እሱን አትጥቀሽብን። በአገሬ ጉዳይ ወገንተኛ ነው ብዬ የማምነው ሰው ስለ ጤናዬ ሲመክረኝ አልሰማም።

ሲስተር ከሜሪላንድ፦
በፖለቲካው የምታስበውን አስብ። የጠቀስኩት ያሉትን ነው። ውሸት ከሆነ የቱ ጋ ነው ውሸቱ?

የአትላንታው፦
ሰውየውን ሳላምን ቃሉን ልመን? አልችልም።

ፋርማሲስቱ ከሜክሲኮ፦
እሱን ተዉትና ወደኛ እንምጣ። አገር ቤት ሁለቱን ዶዝ የወሰደው ሰው ከአሥር አንድ እንኳን አይሞላም። እናንተ ሦስተኛውን ወግታችሁ ነው ጉንፋን የምትሉት። «ለገና አገር ቤት ግቡ» ሲባል ከየአገሩ ገባችሁ፤ ደስ ብሎን ተቀበልናችሁ። ግን ታኅሣሥ ላይ ቁጥሩ እንዴት እንደዘለለ አይታችኋል።

የአትላንታው፦
ተመርምረን፣ ወረቀት ይዘን ነው የገባነው። ዳያስፖራው ነው ያመጣው ማለት ተገቢ አይደለም። እኔ ስደርስ ታክሲው ሙሉ ሲያስል ነበር።

የጀፔው፦
ይኸው! በኅዳር እኛን «የደቡብ አፍሪካ በሽታ» ብለው ሲዘጉብን የተናገረልን አልነበረም። ሳይንቲስቶቻችን አግኝተው ለዓለም ስለተናገሩ ነው የተቀጣነው። አሁን ደግሞ እርስ በርሳችሁ «አንተ ነህ ያመጣኸው» ትባባላላችሁ።

ወለተ ማርያም፦
ጥምቀት ደርሷል። ጃን ሜዳ ስንት ሕዝብ እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። የጀፔው፣ አንተ እንደምትለው ከሆነ አዛውንቶቹ ከታቦቱ ጋር ተጋፍተው ይዘምሩ?

የጀፔው፦
ይውጡ። ማስክ ያድርጉ፤ ግን ይውጡ። ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጡ እናቶች አሉ።

ሲስተር ከሜሪላንድ፦
ማስክ ያድርጉ ካልክ «ሁሉም ይያዝ» ያልከውን አንሣው።

የጀፔው፦
አላነሣም። ቀላል ነው ብያለሁ፣ ቀላል ነው።

ጋሼ ከሐዋሳ፦
የኔ ባለቤት ስኳር አለባት። ሦስተኛ ክትባት እዚህ አልደረሰንም። እሷን ላውጣት ወይስ ላስቀራት? ቀላል ነው ያላችሁኝ ሁሉ ለሷ መልሱልኝ።

የአትላንታው፦
ጋሼ፣ እሳቸው ቢቀሩ ይሻላል። የስኳር ሰው የተለየ ነው።

ሲስተር ከሜሪላንድ፦
በየዋርዱ ያሉት እኮ እንዲህ «የተለዩ» የተባሉት ናቸው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኩላሊት፣ አስም፣ ከስልሳ በላይ። ስትደምራቸው ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው ነው።