ኦሲሌተሬ ሲሙሌሽን ላይ ይሠራል፣ ብሬድቦርድ ላይ ያብዳል

ሚሚ_ኤሌክትሪካል፦ ሰላም ቤተሰብ። የ4ኛ ዓመት ኤሌክትሪካል ነኝ፣ ስትሪሜ (የምማረው ዘርፍ) ኮሚዩኒኬሽን። ለፕሮጀክት የኤፍኤም መቀበያ እየሠራሁ ነው። ሸገር 102.1ን ለመያዝ ኦሲሌተሩ (መቀበያው ውስጥ ሞገድ የሚያመነጨው ክፍል) ከጣቢያው በ10.7 (መቀበያው ውስጡ በሚሠራበት ፍሪኩዌንሲ) ከፍ ብሎ 112.8 ሜጋኸርዝ ላይ መቀመጥ አለበት። ኮምፒውተር ሲሙሌሽን ላይ ቁጭ ይላል። ብሬድቦርድ (ዕቃ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ስሰካው 105 አካባቢ ይወርዳል፣ እጄን ሳስጠጋ ደግሞ ይብስበታል። ኮይሉን (ጥምጥም ሽቦውን) እያፈረስኩ 3 ጊዜ ጠመጠምኩት። ጓደኞቼ ፓወር ገብተው ተገላገሉ፣ እኔን አርኤፍ (የሬዲዮ ሞገድ ሥራ) ውስጥ ምን ከተተኝ? ልቀይር እንዴ?

ኮይል_ጠምጣሚው፦ ስትሪሙን ተይውና ኮይልሽ ስንት ነው?

ሚሚ_ኤሌክትሪካል፦ 100 ናኖሄንሪ። ካፓሲተሩ (ቻርጅ የሚይዘው ዕቃ) 20 ፒኮፋራድ።

ኮይል_ጠምጣሚው፦ በቃ ተገኘ። ብሬድቦርድ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉት ብረቶች ራሳቸው ካፓሲተር ናቸው፣ ጥቂት ፒኮፋራድ ይጨምሩብሻል። 20ው ላይ 3 ደምሪና አስዪው፣ ያው 105 ይመጣልሻል። ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ያለበት ኦዲዮ ላይ ቢሆን 3 ፒኮፋራድን ማን ያየዋል! ሽቦውም እንደዛው ነው፣ 5 ሴንቲ ሜትር ሽቦ 50 ናኖሄንሪ ገደማ ነው፣ የኮይልሽ ግማሽ ማለት ነው። መዳብ የተለበጠ ባዶ ሰሌዳ ፈልጊ፣ መዳቡን ግራውንድ (የሰርኪዩቱ የጋራ ዜሮ) አድርጊው፣ የዕቃዎቹን እግር አሳጥረሽ እዛው ላይ በይጂ። መልኩ ያስጠላል፣ ግን ይሠራል።

የታወር_ልጅ፦ አትቀይሪ እህቴ። ግን ስለ ሥራው እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ አገር «አርኤፍ ኢንጂነር» ተብሎ የሚወጣው ማስታወቂያ አብዛኛው የኔትወርክ ሽፋን መለካትና አንቴና ማስተካከል ነው እንጂ ሰርኪዩት ዲዛይን አይደለም። እኔ ራሴ ሶልደር ከነካሁ ስንት ዘመኔ። ሌላው፣ ስሚዝ ቻርትን (የአርኤፍ ሰርኪዩት ኢምፒዳንስ የሚነበብበትን ክብ ገበታ) ለፈተና ብለሽ እንዳትሸመድጂው፤ ናኖቪኤንኤ የሚባለውን ትንሽ መለኪያ ያለው ሰው ካገኘሽ ተዋሺውና ኮይል ሰክተሽ ነጥቡ ቻርቱ ላይ ሲዞር እዪው፣ ለኔ ሴሚስተር ሙሉ ያልገባኝ በአንድ ከሰዓት ነው የገባኝ።

ሚሚ_ኤሌክትሪካል፦ መዳብ ሰሌዳው ላይ ሠራሁትኮ! 111.9 ላይ ነው፣ የኮይሉን ጥምጥም ትንሽ ሳላላው 112.8 ገባ። እጄን ሳስጠጋ ግን አሁንም በትንሹ ይሸሻል።

ኮይል_ጠምጣሚው፦ የዱቄት ወተት ጣሳ ቆርጠሽ ክደኚበት፣ ጣሳውን ከግራውንዱ ጋር በይጂው። ከኮይሉ ግን አርቂው፣ ከተጠጋ ፍሪኩዌንሲውን እሱም ከፍ ያደርግብሻል።